የአባት ዕዳ ለልጅ፦ የስኮትላንዱ ባላባት ድራማ ያሳየን እና ያላሳየን

የስኮትላንድ ፓርላማ በኖቬምበር 2025 አዲስ የመሬት ሕግ አጽድቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ በዋናነት ከ1 ሺህ ሄክታር በላይ የያዙ ባለመሬቶችን ይመለከታል። ዜናውን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግልጽ ነው። ዛሬም በዚያ አገር አንድ ሰው ተራራውን ከነሸለቆው የግሉ አድርጎ ይይዛል ማለት ነው? የፊውዳል ሥርዓት እዚያ አልቀረም እንዴ?

ግር ቢል አይገርምም። ከስኮትላንድ ውጪ ላለን ሰዎች የዚህ ኑሮ ሥዕል የመጣልን ከዜና ሳይሆን ከቴሌቪዥን ነው። ከሁሉ የሚታወቀው ደግሞ ቢቢሲ ከ2000 እስከ 2005 ያሳየው «ሞናርክ ኦቭ ዘ ግሌን» ነው። «የሸለቆው ንጉሥ» እንደማለት ነው። 7 ምዕራፍ፣ 64 ክፍል ሄዷል። እሁድ ማታ ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ የሚያየው፣ ሞቅ ያለና ለዓይን የሚጥም ድራማ ነበር።

ድራማው ሲጠይቅ የኖረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቤቱ ይተርፋል ወይ? በነዚያው ዓመታት ስኮትላንድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ እየጠየቀች ነበር፤ መሬቱ የማን ነው? ሁለቱን ጥያቄዎች ለይቶ ያላየ ሰው የዛሬውን ክርክርም ለመረዳት ይቸገራል።

ግሌንቦግል

አርቺ ማክዶናልድ ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት ያለው ወጣት ነው። አንድ ቀን ወደ ትውልድ ቦታው ወደ ግሌንቦግል ይጠራል። ሲደርስ የኢስቴቱ አዲስ ባለቤት እሱ መሆኑ ይነገረዋል። ኢስቴት ማለት አንድ ትልቅ ቤት ከነዙሪያው መሬት፣ ተራራ፣ ወንዝና ሠራተኞች ጭምር ነው። ችግሩ ኢስቴቱ በዕዳ ተይዟል። አባቱ ሄክተር ስለ ሒሳብ መስማት የማይወዱ፣ የድሮውን ኑሮ የሙጥኝ ያሉ አዛውንት ናቸው። እናቱ ሞሊ ደግ ናቸው፤ ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እሳቸውም አያውቁም። የአባት ዕዳ ለልጅ የሚባለው በትክክል ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ክፍል ማለት ይቻላል አንድ መላ ነው። እንግዳ መቀበል፣ አደን ማከራየት፣ ባንኩን ማባበል። አደኑን የሚመራው ጎሊ፣ ምግብ የምታበስለው ሌክሲ፣ ሁሉንም ሥራ የሚሠራው ዱንካን አሉ። ጎረቤት ባላባቱን ኪልዊሊን ሆኖ የተጫወተው ጁሊያን ፌሎውስ ነው። ይሄ ሰው ቆየት ብሎ «ዳውንተን አቢ»ን የጻፈው ነው። የእንግሊዝ መኳንንት ቤት ድራማ ለምን አንዱ ሌላውን እንደሚመስል ይህ ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል።

ግሌንቦግል የሚባል ቦታ የለም። ቀረጻው የተካሄደው በሰሜን ስኮትላንድ፣ በላገን ሐይቅ ዳር ባለው አርድቬሪኪ በሚባል ኢስቴት ነው። ስፋቱ ወደ 15 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። አሁን ያለው ቤት የተሠራው በ1870ዎቹ ነው። በቦታው ከነበረው ቤት ንግሥት ቪክቶሪያ በ1847 አርፈውበት ነበር። ዝናቡ ግን አላስወጣ አላስገባ አላቸው። በኋላ የገዙት ዛሬ የምናውቀውን ባልሞራልን ነው።

«ሌርድ» ማን ነው?

በድራማው አርቺ «ሌርድ» ይባላል። ቃሉን ብዙዎቻችን «ሎርድ» ከሚለው ጋር እናምታታዋለን። ሎርድ የመኳንንት ማዕረግ ነው። ሌርድ ግን በስኮቶች አነጋገር ባለመሬት ማለት ነው፤ መሬቱን የገዛ ሁሉ ሌርድ ሊባል ይችላል። ለኛ የሚቀርበው ቃል «ባላባት» ነው። ግን ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። የእኛ ባላባት በትውልድ ሐረግ ነው፤ ሌርድነት ግን በሽያጭ ይተላለፋል።

ኢንተርኔት ላይ የሚዘዋወረው ማስታወቂያ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። «በስኮትላንድ አንዲት ካሬ ጫማ መሬት ይግዙ፣ ሎርድ ወይም ሌዲ ይሁኑ» ይላል። ለልደት ስጦታ የሚገዛው ሰው ብዙ ነው። የስኮትላንድ ሕግ ግን እንዲህ ያለ የማስታወሻ ቁራሽ መሬት በመሬት መዝገብ ላይ እንዲገባ አይፈቅድም። ካልተመዘገበ ደግሞ ባለቤትነት የለም። ገዢው የሚያገኘው የሚያምር ወረቀት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ለጨዋታ ከሆነ ጉዳት የለውም። ማዕረግ አገኘሁ ብሎ ፓስፖርት ላይ ለማስጻፍ የሚሯሯጥ ሰው ግን ገንዘቡንም ጊዜውንም ባያባክን ይሻለዋል።

ኢስቴት ለምን ይከስራል?

ድራማው በዚህ በኩል ሐቀኛ ነው። የድሮ ቤተሰብ የያዘው የተራራ ኢስቴት ከዓመት ዓመት ትርፍ ማሳየቱ ብርቅ ነው። መሬቱ ሰፊ ነው፤ ግን አብዛኛው አይታረስም። አፈሩ እርጥብና ጎምዛዛ ነው። የሚበቅልበት ሄዘር የሚባል ቁጥቋጦ ነው። የሰሜንን ወይም የባሌን ተራራ የወጣ ሰው አስታን ያውቃል፤ ሄዘር የአስታ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ቁመቱ ግን ከጉልበት አያልፍም። በዚህ ላይ በግ ማርባት ይቻላል፤ ያውም ከመንግሥት ድጎማ ጋር። ከዚያ የሚቀረው አደን ነው።

አንድ የአደን ቀን ምን እንደሚመስል እንይ። የሚታደነው ቀይ ዋላ ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት ወደ ውኃ ምንጭ ሲናፍቅ የምናውቀው ዋላ። እንግዳው ጠዋት ከአደን መሪው ጋር ይወጣል። መሪው መጀመሪያ የሚያየው ነፋሱን ነው። ዋላ ሽታ አይስተውም፤ ነፋሱ ከአዳኙ ወደ መንጋው ከነፈሰ ቀኑ አለቀ። ቀጥሎ በመነጽር ተራራውን ጥግ ከጥግ ማበጠር ነው። መንጋው ሲገኝ በሸለቆ ይዞራሉ። የመጨረሻውን መቶ ሜትር በጭቃው ላይ በደረታቸው እየተሳቡ ነው የሚሄዱት። ቀኑን ሙሉ ደክመው ጥይት ሳይተኩሱ የሚመለሱበት ጊዜ አለ። ከተሳካም ሆድ ዕቃው እዚያው ይወጣል። በድኑ በአጭር ፈረስ ወይም በአራት ጎማ ሞተር ይወርዳል፣ ማቀዝቀዣ ክፍል ይገባል፣ ለሥጋ ነጋዴ ይሸጣል።

ይሄ ሁሉ ለአንድ ዋላ ነው። የአንድ ባለሙያ ሙሉ ቀን አለበት፤ መኪናው፣ ጠመንጃው፣ የተራራው መንገድ ጥገና አለበት። ባለሙያው ደግሞ ደመወዙን የሚያገኘው ዓመቱን ሙሉ ነው፣ የሚኖርበትም ቤት ይሰጠዋል። ወንዴ ዋላ የሚፈልጉ እንግዶች በብዛት የሚመጡት ግን በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከሥጋው የሚገኘው ብር ወጪውን አይሸፍንም። የሚያዋጣው እንግዳው ለደስታው የሚከፍለው ነው፤ እሱም ካለ።

በዚህ ላይ ቤቱ አለ። በቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው ይረጥባል፣ ክፍሎቹ ለማሞቅ ይከብዳሉ። ቤቱ የተሠራው ከሌላ ቦታ በመጣ ገንዘብ ነው፤ ከንግድ፣ ከፋብሪካ፣ ከቅኝ ግዛት። ተራራው ራሱ ያንን ቤት አቁሞ አያውቅም። አርቺ ይህንን ነው ያልተረዳው። እሱ ኢስቴቱን እንደ ምግብ ቤቱ ሒሳቡ የሚስተካከል ንግድ አድርጎ ያየዋል። ኢስቴቱ ግን ከመጀመሪያው የሀብታም ሰው መዝናኛ ሆኖ ነው የተዋቀረው። የውጭ ገንዘቡ ሲቆም መክሰሩ አይቀርም።

ታዲያ የሚከስር ነገር ለምን ውድ ይሆናል? ዓመታዊ ገቢው ቢያንስም የመሬቱ ዋጋ በጊዜ ብዛት ይወጣል። በብሪታንያ የእርሻ መሬትና ንግድ ከውርስ ግብር ትልቅ እፎይታ ሲያገኝ ኖሯል፤ መንግሥት ለዚህ ገደብ እንደሚያበጅ ያስታወቀው በ2024 ገና ነው። በተጨማሪ መሬት መያዝ ክብር ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ገንዘብ ያለው ሰው ኪሳራውን እየቻለ መሬቱን ይይዛል። እንደ አርቺ ቤተሰብ ከመሬቱ ሌላ ምንም የሌለው ግን ይጨነቃል። ድራማው ያሳዘነን ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ባለመሬት በታሪኩ ውስጥ ብቅ የሚለው ብዙ ጊዜ ሸለቆውን ሊገዛ እንደመጣ ስጋት ሆኖ ነው።

የዋላው ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ለረጅም ጊዜ ኢስቴት ሲሸጥ ዋጋው የሚሰላው በዓመት ስንት ወንዴ ዋላ ይታደንበታል ተብሎ ነበር። ባለቤቱ መንጋው እንዲበዛ ይፈልጋል። ዋላ ደግሞ ችግኝ ይበላል። ደኑ ራሱን መተካት አልቻለም። የስኮትላንድ መንግሥት ሁሉንም የዋላ ዝርያ አንድ ላይ እስከ 1 ሚሊዮን ይገምታል። ዛሬ ቱሪስት «ያልተነካ ተፈጥሮ» ብሎ ፎቶ የሚያነሳው ባዶ ተራራ እንግዲህ ሲነካ የኖረ ተራራ ነው።

መሬቱ ለምን አልተከፋፈለም?

ሁለት ምክንያት ጎልቶ ይታያል። አንዱ ሕግ ነው፣ ሌላው ታሪክ።

ከሕጉ እንጀምር። ፈረንሳይ ውስጥ ልጆች ሁሉ ከመሬትም ከቤትም ድርሻ አላቸው፤ በየትውልዱ መሬት ይቆራረጣል። በስኮትላንድ ባለመሬቱ ሳይናዘዝ ከሞተ እስከ 1964 ድረስ መሬቱ የሚያልፈው ለመጀመሪያ ወንድ ልጅ ነበር። ያ ቢቀርም ዋናው ነገር አልተነካም። ዛሬም ልጆች በኑዛዜ ቢዘለሉ በሕግ የመጠየቅ መብት ያላቸው ከሚንቀሳቀስ ንብረት ብቻ ነው፤ ከገንዘብ፣ ከመኪና፣ ከአክሲዮን። ከመሬት የለም። አባት 15 ሺህ ሄክታር ለአንድ ልጅ ቢያወርስ ሌሎቹ መሬቱን በፍርድ ቤት አይከፍሉትም። መሬት በአደራ ድርጅት ስም ሲያዝ ደግሞ የሚሞት ባለቤት እንኳ አይኖርም።

ታሪኩ የከበደ ነው። ቀድሞ ሃይላንድስ የሚባለው የስኮትላንድ ደጋ ሕዝብ በጎሣ አለቃ ሥር ይኖር ነበር። ሕዝቡ መሬቱ የጎሣው የጋራ ርስት ነው ብሎ ያምናል። በወረቀት ግን የአለቃው ነበር። ከ1746ቱ የከሎደን ጦርነት ሽንፈት በኋላ አለቆቹ ቀስ በቀስ አከራዮች ሆኑ። በግ ከሰው የተሻለ ኪራይ አመጣ። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 19ኛው አጋማሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተፈናቀሉ። በ1814 በስትራዝኔቨር ሸለቆ ሰዎቹ ተመልሰው እንዳይገቡ የቤታቸው ጣሪያ ተቃጠለ። የተከሰሰው የኢስቴት ወኪል ፓትሪክ ሴላር በ1816 ነጻ ተለቀቀ። የተፈናቀለው ገሚሱ ወደ ባሕር ዳር ተገፋ፣ ገሚሱ ወደ ካናዳ ተሰደደ። የበጉ ዋጋ ሲወድቅ ባዶው ሸለቆ ለዋላ ተለቀቀ።

የድራማው ርዕስ ራሱ ከዚህ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ኤድዊን ላንድሲር በ1851 «የሸለቆው ንጉሥ» ብሎ አንድ ባለግርማ ወንዴ ዋላ ሣለ። በሥዕሉ ላይ ጭጋግ አለ፣ ተራራ አለ፣ ሰው የለም። የስኮትላንድ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪዎች በ2017 በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝተውታል። የስኮትላንድ መለያ ሆኖ በየጣሳውና በየጠርሙሱ ላይ ታትሟል። ሥዕሉ ያምራል። ሰው የጠፋበትን ምክንያት ግን አይነግረንም።

በሸለቆው የቀሩት ጭሰኞች ዝም አላሉም። በ1882 በስካይ ደሴት፣ ብሬስ በሚባል ቦታ፣ ሴቶችና ወንዶች ከግላስጎ ከተላከ ፖሊስ ጋር በድንጋይ ተፋለሙ። በ1883 መንግሥት በሎርድ ናፒየር የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። ስሙ ለእኛ ጆሮ መቅደላን ያስታውሳል፤ ሰውየው ግን ሌላ ነው። የመቅደላው ሮበርት ናፒየር፣ የኮሚሽኑ ፍራንሲስ ናፒየር ናቸው። ውጤቱ የ1886ቱ ሕግ ነበር። ክሮፍተር የሚባሉት አነስተኛ ገበሬዎች ከይዞታቸው እንዳይነቀሉ፣ ኪራያቸው በፍትሐዊነት እንዲተመን፣ ይዞታቸውን ለልጅ እንዲያወርሱ ተፈቀደ። ትልቅ ድል ነው። ግን የዳነው በእጃቸው የቀረው ቁራሽ ብቻ ነው። የተነጠቁት ሸለቆ አልተመለሰም።

ውጤቱ ዛሬም ይታያል። የመሬት ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ስሌት የስኮትላንድን የግል ገጠር መሬት ግማሹን 432 ባለመሬቶች እንደያዙት አሳይቷል። የአገሩ ሕዝብ ወደ 5 ሚሊዮን ተኩል ነው።

«ፊውዳሊዝም ቀረ» ሲባል ምን ቀረ?

ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ጋ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ ፊውዳላዊ ይዞታን የሚሽር ሕግ ያወጣው በ2000 ነው፤ ድራማው በጀመረበት ዓመት። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ኖቬምበር 28 ቀን 2004 ነው። ያኔ ድራማው ገና በአየር ላይ ነበር።

እኛ «ፊውዳል ቀረ» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ያ አዋጅ የገጠሩን መሬት ከባላባቱ ወስዶ የሕዝብ ሀብት አደረገው፣ ጭሰኝነትንም አስቀረ። ስኮትላንድ ውስጥ የሆነው ይሄ አይደለም። እዚያ የነበረው ሰንሰለት ነው። ከላይ ንጉሣዊው ዘውድ፣ ቀጥሎ የበላይ ጌታ፣ ከሥሩ መሬቱን የያዘው ሰው። መሬቱን የያዘው ሰው እንደ ባለቤት ይሸጣል ይለውጣል፤ ነገር ግን ለበላይ ጌታው ክፍያና ግዴታ ነበረበት። ቤትህን ለማስፋት የበላዩን ፈቃድ መጠየቅ፣ ለፈቃዱም መክፈል የተለመደ ነበር። የ2000ው ሕግ ይህን ሰንሰለት በጠሰ፤ የያዘው ሙሉ ባለቤት ሆነ።

በእኛው ቋንቋ ብንለው፣ ጉልቱ ቀረ፤ ርስቱ ግን ባለበት ጸና። 15 ሺህ ሄክታር የያዘው 15 ሺህ ሄክታሩን እንደያዘ ቀጠለ። እንዲያውም ይዞታው ጠራለት።

በ2003 የወጣው ሌላ ሕግ የበለጠ ርቆ ሄዷል። ሁለት ነገር አመጣ። ማንኛውም ሰው በኃላፊነት እስከተንቀሳቀሰ ድረስ በአብዛኛው የግል መሬት ላይ በእግር እንዲሄድ፣ እንዲያድር መብት ሰጠ። ሌርዱ «ተራራዬን አትርገጥ» ማለት አይችልም። ሁለተኛ፣ የአካባቢ ማኅበረሰብ ፍላጎቱን ካስመዘገበ፣ መሬቱ ለሽያጭ ሲቀርብ ቅድሚያ የመግዛት መብት አገኘ። ክሮፍተሮች ደግሞ ባለቤቱ መሸጥ ባይፈልግ እንኳ የሚገዙበት መንገድ ተከፈተላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የድራማው ልብ አሁንም የአርቺ ዕዳ ነበር። ሆኖም ድራማው ሳያስበው አንድ እውነት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ጎሊ የሚኖረው በኢስቴቱ ቤት ነው። ሌክሲና ዱንካን እንጀራቸው ከኢስቴቱ ነው። አርቺ ቢሸጥ ሁሉም ይበተናሉ። የሸለቆው ሰው ዕጣ ፈንታ የተንጠለጠለው በአንድ ወጣት ውሳኔ ላይ ነው። አርቺ ደግ ልጅ ስለሆነ ነገሩ ያስደስታል። የስኮትላንድ የመሬት ኮሚሽን በ2019 ባወጣው ጥናት ችግሩን ያስቀመጠው በዚሁ ቦታ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ባለመሬቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቤት፣ ሥራና የግንባታ ቦታ ሁሉ በአንድ እጅ ሲሆን ያ እጅ በገበያ ላይ እንዳለ ሞኖፖል ይሆናል። ደግ ሌርድ ሲሞት ቀጣዩ ማን እንደሆነ የሚመርጠው ሸለቆው አይደለም።

ሌርድ የሌላት ደሴት

ሌላ መንገድ እንዳለ ኤግ የምትባል ትንሽ ደሴት አሳይታለች። ነዋሪዎቿ ለዓመታት ሲቸገሩ የነበረው በአስተማማኝ ውል እጦት ነው። ውል ከሌለህ ቤትህን አታድስም፣ ባንክም አያበድርህም። በ1997 ነዋሪዎቹ ከክልሉ ምክር ቤትና ከአንድ የዱር እንስሳት ድርጅት ጋር ሆነው ደሴቷን በ1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከሕዝብ መዋጮ የተሰበሰበ ነው።

ቀጥሎ የሠሩት ነገር ትኩረት ይስባል። ደሴቷ ከዋናው የመብራት መስመር ጋር አልተገናኘችም። እስከ 2008 ድረስ ሰው የሚያድረው በናፍጣ ጄኔሬተር ነበር። ነዋሪዎቹ ወንዝን፣ ነፋስንና ፀሐይን ያጣመረ የራሳቸውን መብራት ዘረጉ። ኃይሉ ውሱን ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቤት 5 ኪሎዋት ጣሪያ አበጁ። ማጠቢያ ማሽኑና ምድጃው አብረው ሲሠሩ ማንቆርቆሪያ ከጨመርክ መስመርህ ይቋረጣል። ሁሉም ሰው ደንቡን ያውቃል፣ ይቀበለዋል፤ ያወጣው እሱ ነውና። በግዢው ወቅት 60 አካባቢ የነበረው ነዋሪ ዛሬ ከ100 በላይ ሆኗል። በቁጥር ትንሽ ነው። ለብዙ ትውልድ ሰው ሲቀንስባት ለኖረች ደሴት ግን ታላቅ ነገር ነው።

ሁሉም እንደ ኤግ አልቀናውም። በ2002 በነዋሪዎቿ የተገዛችው ጊያ ደሴት የቤት ጥገናው ወጪ ከባድ ዕዳ ውስጥ ከቷት ነበር። መሬቱ የሕዝብ ሲሆን ጣሪያው ማፍሰሱን አያቆምም። ኮሚቴውን የሚመሩት ያለ ደመወዝ ነው፤ በትንሽ መንደር ያው ሰው በየስብሰባው ይገኛል፣ ይደክማል። ግዢውም ቢሆን የመንግሥት ገንዘብ ካልታከለበት አይሳካም። እስከ ዛሬ በማኅበረሰብ እጅ የገባው መሬት ከስኮትላንድ ስፋት 3 በመቶ አይሞላም።

አዲሶቹ ባላባቶች

ዛሬ ሸለቆ የሚገዛው የድሮው ዓይነት ሰው ብቻ አይደለም። ስኮትላንድ የገዢን ዜግነት አትጠይቅም፣ በስፋት ላይም ጣሪያ የላትም። በጎረቤት ኖርዌይ የእርሻ መሬት የሚገዛ ሰው እዚያው የመኖር ወይም መሬቱን የማልማት ግዴታ ሊኖርበት ይችላል። በስኮትላንድ ይህ የለም። የዱባዩ ገዢ ሼክ መሐመድ በምዕራብ ደጋ ኢስቴት አላቸው። ዛሬ ከግል ባለመሬቶች ሁሉ ሰፊውን የያዙት የልብስ ነጋዴው ዴንማርካዊ ቢሊየነር አንደርስ ሆልክ ፖውልሰን ናቸው፤ ይዞታቸው ከ80 ሺህ ሄክታር ይበልጣል። ዓላማቸው አደን አይደለም። በግሌንፌሺ ሸለቆ የዋላውን ቁጥር አስቀንሰው ጥዱ ያለ አጥር እንዲያድግ አድርገዋል። ደኑ በእርግጥም እየተመለሰ ነው።

ከዚህ ሌላ ካርቦን አለ። ዛፍ መትከልና ረግረጉን ማደስ ከአየር የተወሰደ ካርቦን ተብሎ ይቆጠራል፣ ይሸጣል። ከስኮትላንድ መሬት ከአምስት አንዱ በላይ የሚሸፈነው ፒት በሚባል፣ ለሺህ ዓመታት በታመቀ የዕፅዋት ብስባሽ ነው። ይህ አፈር ሲደርቅ ካርቦን ይለቃል፣ ሲርስ ያቆያል። ኩባንያዎች ለዚህ ብለው ተራራ መግዛት ጀምረዋል። ሕዝቡ «አረንጓዴ ሌርዶች» ይላቸዋል። ብሪውዶግ የሚባለው የቢራ ኩባንያ በ2020 ኪንራራ የተባለ ኢስቴት ለዚሁ ገዝቶ በ2025 ሸጦታል። የመሬት ዋጋ ሲንር ደግሞ የአካባቢው ሰው የመግዛት ዕድል ይጠባል።

ደን መመለሱ ግልጽ ጥቅም ነው፤ የሚቃወመው ጥቂት ነው። አከራካሪው ሌላ ነው። በጉን ያመጣው፣ ዋላውን ያመጣው፣ አሁን ዛፉን የሚያመጣው በየዘመኑ አንድ ባለገንዘብ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ሲሆን ጥሩ ነው። የሸለቆው ሰው ግን ሦስቱንም ጊዜ አልተጠየቀም።

አዲሱ ሕግ ምን ይለውጣል?

የ2025ቱ ሕግ ይህን ክፍተት ለመንካት ይሞክራል። ከ1 ሺህ ሄክታር በላይ የያዘ ባለመሬት የአስተዳደር ዕቅድ አዘጋጅቶ ለሕዝብ ያሳውቃል፣ የአካባቢውን ማኅበረሰብም ያማክራል። ለመሸጥ ሲያስብ ማኅበረሰቡ አስቀድሞ እንዲያውቅ ይደረጋል። መንግሥትም መሬቱ በአንድ ጥቅል ሳይሆን ተከፋፍሎ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል።

የባለመሬቶቹ ወገን ስጋት አለው። ዋላ አጥር አያውቅም፤ ወንዝና ረግረግ የሚታደሰው በሰፊው ሲያዝ ነው ይላሉ። ኢስቴቶች በሩቅ ገጠር የቤትና የሥራ ምንጭ እንደሆኑም ያነሳሉ። ኪሳራውን እየቻለ የሚያለማ ሰው ላይ ወረቀት መከመር ገንዘቡን ያሸሻል የሚለውም ክርክራቸው ውሃ ያነሳል። የለውጥ ደጋፊዎቹ ደግሞ ሕጉ ለስላሳ ነው ባይ ናቸው። ስንት መሬት በአንድ እጅ ይያዝ የሚለውን አይገድብም፤ የሚሠራውም በአብዛኛው ሽያጭ ሲኖር ነው። ለትውልድ የማይሸጡ ኢስቴቶች አሉ። ጣሪያ ይበጅ፣ ወይም በመሬት ላይ ግብር ይጣል የሚሉት ለዚህ ነው።

ለእኔ የሁለተኛው ወገን ነጥብ ይከብዳል። በሰፊው ማስተዳደር አንድ ነገር ነው፣ በአንድ ሰው መያዝ ሌላ ነው። ደቡብ ዊስት ደሴት ላይ ነዋሪዎች በ2006 ወደ 37 ሺህ ሄክታር ገዝተው በአንድ ላይ ያስተዳድራሉ። ስለዚህ ስፋቱ ብቻውን ሌርድ አይጠይቅም። ቢሆንም ሕጉን ባዶ ነው ማለት አይቻልም። በአጭር ጊዜ ካርታው ብዙ አይለወጥም፤ 432 የሚለው ቁጥር በአምስት ዓመት አይናድም። የሚለወጠው መረጃው ነው። እስከ ዛሬ የሸለቆ ሽያጭ ሲፈጸም ነዋሪው የሚሰማው ከሌላው ሕዝብ ጋር እኩል ነበር። ከእንግዲህ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል፤ የኤግ ነዋሪዎች ትልቁ ፈተና የነበረው ጊዜ ነው።

አርድቬሪኪ ዛሬም በ1870ዎቹ በገዙት ሰው ዘሮች እጅ ነው። ቤቶቹን ለእንግዳ ያከራያል፣ የፊልም ቀረጻም ያስተናግዳል፤ ከ20 ዓመት በፊት አርቺ ሲያልመው የነበረው መላ ማለት ነው። በመንገዱ የሚያልፍ ቱሪስት በሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳል፤ ከፈለገም በ2003ቱ ሕግ መሠረት በእግሩ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። 15 ሺህ ሄክታር ከ1 ሺህ ይበልጣልና አዲሱ ሕግም ይመለከተዋል። ግሌንቦግል እውነተኛ ቦታ ቢሆን ኖሮ አርቺ አንድ ማታ በመንደሩ አዳራሽ ቆሞ ስንት ዋላ እንደሚያስቀር፣ የትኛውን ተራራ ደን እንደሚያለብስ፣ የትኛውን ቤት ለማን እንደሚያከራይ ማስረዳት ይኖርበት ነበር። ጎሊ፣ ሌክሲና ዱንካን ያን ማታ የሚቀመጡት ከፊት ወንበር ላይ ነው። እጃቸውንም ያወጣሉ።